ድባብና ትዝታ፦ ለምናብ ጨዋታ ማጀቢያ ሙዚቃ ስለ መምረጥ፣ ከላስታ የዜማ ልማድ አንጻር

(በፋኩልቲው የአደባባይ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ጨዋታ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ደግሞም ስለ ጨዋታ ነው። በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የምናብ ዓለም እየፈጠሩ የሚጫወቱ ወጣቶች፣ ከትረካው ሥር ምን ዓይነት ሙዚቃ ሊያሰሙ ይገባል? በምንስ መመዘኛ ይምረጡት? ጥያቄዬ ይህ ነው። መልሱን የምፈልገው በላሊበላና በላስታ፣ ሰፋ ሲልም በወሎ የዜማ ልማድ ውስጥ ነው። ዜማን ከጊዜ፣ ከቦታና ከአድማጭ ጋር የማዛመድ ዕውቀት በዚህ ምድር ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ኖሯልና።

አስቀድሜ ጨዋታውን ለማያውቁት ላስተዋውቅ። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ‹ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ› የተሰኘውን ጨዋታ ለኅትመት አበቁ። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ጥቂት ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ይከባሉ። ከመካከላቸው አንዱ መሪና ተራኪ ይሆናል፤ ተራራውን፣ ዋሻውን፣ ንጉሡን፣ አውሬውን በቃል ይሥላል። የቀሩት እያንዳንዳቸው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሰብእና ይይዙና «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ ሽማግሌውን እጠይቃለሁ» እያሉ ታሪኩን ወደፊት ይገፋሉ። ነገሩ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል። ዓለሙ የሚኖረው በተጫዋቾቹ ንግግርና በአእምሯቸው ውስጥ ነው። ስለዚህም መሪው የዓለሙን ድባብ ለማጽናት ከስልኩ ወይም ከኮምፒውተሩ ሙዚቃ ያሰማል።

ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ ስንጫወት ያደግን ሁሉ «ሀገር ስጠኝ» የሚለውን ደንብ እናውቃለን። መልሱ የጠፋበት ሰው ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂው ሀገሩን ካልወደደው ሌላ ይጠይቃል፤ ከወደደው በምናቡ ሄዶ ይገዛዋል። ምድጃ ዳር የተቀመጠ ልጅ በአንድ ምሽት የስንት ከተማ ባለቤት ይሆን ነበር። ተረት ነጋሪዋ አያትም ድምፅዋን ዝቅና ከፍ እያደረገች ጅቡንና ንጉሡን ትለያቸዋለች። በሬዲዮ ዘመን ደግሞ ወጋየሁ ንጋቱ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ሲተርክ፣ አንድ የሰው ድምፅ ብቻውን ምን ያህል ዓለም መሸከም እንደሚችል ብዙ ሰው ሰምቶ አረጋግጧል። ማጀቢያ ሙዚቃ የሚመጣው በዚህ ድምፅ ላይ ነው። ሊያግዘውም፣ ሊሸፍነውም፣ ሊያፈርሰውም ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው። ለጦርነት ታላቅ ኦርኬስትራና ከበሮ፣ ለሐዘን ዝግ ያለ ክራር ወይም ፒያኖ፣ ለምስጢር የተጎተተ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ለገበያ ደስ የሚል ፈጣን ምት አሰማ ይባላል። ከዚህ ምክር ሥር አንድ እምነት ተቀብሯል፤ ይኸውም ስሜት በሙዚቃው ውስጥ እንደ ዕቃ ተቀምጧል፣ ማንም ቢከፍተው ያንኑ ያገኛል የሚል ነው። ዛሬ ልከራከር የመጣሁት በዚህ እምነት ላይ ነው። ዜማ ስሜት የሚቀሰቅሰው አድማጩ ከዚህ በፊት ያንን ዜማ የትና ከማን ጋር እንደ ሰማው እየታየ ነው። እንግዲያው የመሪው የመጀመሪያ ሥራ ጠረጴዛውን የከበቡትን ሰዎች ማወቅ ይሆናል።

ማስረጃዬን ከቅኝቶቻችን ልጀምር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የተባሉት አራቱ ቅኝቶች እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ አሏቸው። ብዙዎች የወሎ ቅኝቶች ይሏቸዋል፤ ባቲ የታወቀች የገበያ ከተማ፣ አምባሰልም የታወቀ የወሎ ተራራማ ሀገር መሆናቸውን ልብ ይሏል። አሁን ትዝታ ሜጀርን እንውሰድ፤ ድምፆቹ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶልና ላ ናቸው። እነዚሁ አምስት ድምፆች በቻይናም፣ በስኮትላንድም የሕዝብ ዜማዎች ውስጥ ይገኛሉ። በዚያ ለደስታም፣ ለሥራም፣ ለሕፃናት ጨዋታም ያገለግላሉ። የእኛ ሰው ግን ክራር በዚህ ቅኝት ሲቃኝ ገና ከመጀመሪያው ምት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ የራቀ ሰው፣ ያለፈ ዘመን ይታወሰዋል። እርግጥ ነው፣ የአዘማመሩ እርጋታና የድምፁ ቅላጼም ድርሻ አላቸው። ይሁን እንጂ ናፍቆቱ በአምስቱ ድምፆች ውስጥ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ስኮትላንዳዊውም እንደኛው በናፈቀ ነበር። ናፍቆቱን ያስተማረን የቅኝቱ ስምና በቅኝቱ የተዘፈነው ሁሉ ነው።

ሁለተኛው ማስረጃ ለሙዚቃ ተማሪዎች ይበልጥ ደስ ይላቸው ይሆናል። በትዝታ ውስጥ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ብናደርጋቸው ትዝታ ማይነር የሚባለውን እናገኛለን፤ ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለው ሚ፣ ሶል፣ ዝቅ ያለው ላ። አሁን አንድም ድምፅ ሳንለውጥ ማረፊያችንን ከዶ ወደ ሶል እናዛውር። ሶል፣ ዝቅ ያለው ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ዝቅ ያለው ሚ ይሆናል። ይህ አምባሰል ነው። ድምፆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ዜማው ቤቴ ብሎ የሚመለስበት ቦታ ብቻ ነው። እንዲሁም ትዝታ ሜጀርን ከላ ብንነሣበት ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል የሚለውን፣ ዛሬ ባቲ ማይነር የምንለውን እናገኛለን። ለጨዋታ መሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ትዕይንት በተለወጠ ቁጥር ወደ ሌላ አገር ሙዚቃ መዝለል አያስፈልግም። ያው መሣሪያ፣ እነዚያው ድምፆች፣ ማረፊያቸውን ብቻ ሲለውጡ አድማጩ በዚያው ዓለም እንዳለ ይቆያል፤ ነገር ግን አንድ ነገር እንደ ተለወጠ ልቡ ይነግረዋል።

ሦስተኛው ማስረጃ ከሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂም ጃርሙሽ ‹ብሮክን ፍላወርስ› በተባለው ፊልሙ የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ ማጀቢያ አደረገ። አንድ አሜሪካዊ የቀድሞ ፍቅረኞቹን ፍለጋ በመኪና በሚዞርበት ታሪክ ውስጥ ያ ሙዚቃ ለውጭው ተመልካች እንግዳነትንና ምስጢርን ሰጠ። ለኢትዮጵያዊው ተመልካች ደግሞ ቅኝቱ የራሱን ቤት፣ የራሱን ዘመን አስታወሰው። ፊልሙ አንድ ነው፤ በአዳራሹ ውስጥ የተሰማው ድባብ ግን ሁለት ነው። ፊልም ሠሪ ተመልካቹን አያውቀውምና ይህን ሊቆጣጠር አይችልም። የጠረጴዛ ጨዋታ መሪ ግን አራት ወይም አምስት ሰዎችን በስም ያውቃል። ከፊልም ሠሪው የሚበልጥበት አንድ ዕድል ቢኖር ይህ ነው።

ይህን ዕድል እንዴት እንደሚጠቀሙበት ከማን እንማር? ላሊበሎች ወይም ሐሚናዎች ከሚባሉት የንጋት ዘማሪዎች ልንማር እንችላለን። ላሊበሎች ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው፣ ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው፣ በሰው ደጃፍ ቆመው ያዜማሉ፤ ፀሐይ ስትወጣ ያቆማሉ። ይህን ካላደረጉ በቁምጥና እንመታለን የሚል የቆየ እምነት እንዳላቸው ይነገራል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ዝግጅታቸው ነው። ወደ ደጃፉ ከመድረሳቸው በፊት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ቁጥር፣ ደስታውንና ሐዘኑን ከጎረቤት ይጠይቃሉ። ከዚያ ያንኑ በዜማቸው መሐል ይከትቱታል። ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው በጨለማ ውስጥ ስሙን በዜማ ሲጠራ ይሰማል፤ ልቡ ባይነካ ነው የሚገርመው። ዜማቸው ብዙ ጌጥ የለበትም። ኃይሉ ያለው አድማጩን አስቀድሞ በማወቅ ላይ ነው።

አዝማሪም በሌላ መንገድ ይህንኑ ያደርጋል። ማሲንቆው አንድ ጭራ ብቻ አላት፤ የሚከተላት ግን የቤቱን አየር ነው። ከታዳሚው መሐል አንዱ ግጥም ሲሰጠው ተቀብሎ ያዜመዋል፤ ሳቅ ሲበዛ ይፈጥናል፤ ነገሩ ሲከብድ ያቀዘቅዛል። ከሁለት ሰዓት በፊት የሚያዜመውን ዝርዝር ጽፎ አይመጣም። የዛሬው የጨዋታ መሪ ለአራት ሰዓት የሚበቃ የሙዚቃ ዝርዝር አዘጋጅቶ መምጣቱ መልካም ነው፤ ዝርዝሩን ለመተው ዝግጁ ካልሆነ ግን ሙዚቃው ወደ ግራ፣ ታሪኩ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ ልሻገር። ላስታን የሚያስታውስ የምናብ ዓለም መፍጠር የሚፈልግ ተጫዋች፣ የኢንተርኔቱን ዓለም ሲበረብር ፈጥኖ የሚያገኘው የቤተ ክርስቲያን ዜማን ነው። ከአንድ ዐለት የተፈለፈሉት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ የውጭ ሰው የቦታውን ድምፅ ቀርጾ የትም ያሰማዋል። በዚህም ምክንያት በአንድ ሩቅ ከተማ የሚጫወቱ ወጣቶች፣ አውሬ ለሚኖርበት የምናብ ዋሻ የካህናትን ማኅሌት ማጀቢያ ሊያደርጉ ይችላሉ። ጥንታዊና ምስጢራዊ ይመስላቸዋል፤ ክፋትም የለባቸውም። ነገር ግን ከእኛ መካከል ማን ነው ይህን ሰምቶ ስለ አውሬው ማሰብ የሚችል?

በልደት ቀን፣ በታኅሣሥ 29፣ በላሊበላ በቤተ ማርያም ዙሪያ የሚዜመውን ቤዛ ኩሉን አስቡ። በትውፊት ይህ ቀን የንጉሥ ላሊበላም የልደት ቀን ነው። ከካህናቱ ከፊሎቹ በዐለቱ አፋፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ ከፊሎቹ ከታች በግቢው ውስጥ ይቆማሉ። የላዮቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የሰው ልጆች ምሳሌ ናቸው። ድምፁ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ይመላለሳል፤ ዐለቱም ድምፅ ይሰጣል። ሌሊቱን ቆሞ ላደረ ምእመን ይህ ከጀርባ የሚሰማ ነገር አይደለም፤ የመጣበት ዋናው ጉዳይ ነው። ይህን ወስዶ ከዳይስ ሥር ማስቀመጥ፣ የሚሰማውን ሰው ቆሞ ከሚጸልይበት ቦታ አውጥቶ ወንበር ላይ ማስቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዱስ ዜማን ለማጀቢያነት አለመጠቀምን እደግፋለሁ። ምክንያቴ ሃይማኖታዊ አክብሮት ብቻ አይደለም፤ በሙያውም ሲታይ ውድቀት ነው። ያ ዜማ በሚያውቀው ሰው ጆሮ ታሪኩን ገፍቶ ይወጣል፤ ለማያውቀው ሰው ደግሞ የሐሰት ድባብ ይሰጣል። ስለ በገናም የምለው ይህንኑ ነው። አሥሩ አውታር፣ በእንዝራው ምክንያት የሚነዝረው ዝቅተኛ ድምፁ፣ ለተራኪ ድምፅ እጅግ የተስማማ ይመስላል፤ ግን የጾምና የንስሓ መሣሪያ ነው።

ዜማውን ባንወስድም ከሥርዓቱ ልንማር እንችላለን። በትውፊት በስድስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ያሬድ ያበረከታቸው ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ዜማዎች ለየቀኑና ለየበዓሉ ተመድበዋል። ደብተራው ዛሬ ደስ ያለኝን ላዚም አይልም፤ ቀኑ ይመርጥለታል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ ዐቢይ ጾም ነው። ጾሙ ሲገባ ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ጾመ ድጓ በመቋሚያ ዝማሜ ይዜማል። ለ55 ቀን ጆሮ ከበሮን ይናፍቃል። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ የሚፈጥረው ደስታ ግማሹ የተሠራው በዝምታው ወራት ነው። የጨዋታ መሪ ሙዚቃን ያለማቋረጥ ካሰማ ተጫዋቹ በሩብ ሰዓት ውስጥ መስማቱን ያቆማል። ዝም ያለ መሪ ግን ዋሻው በር ላይ ሲደርሱ አንድ ዋሽንት ብቻ ቢያሰማ ሁሉም ቀና ይላሉ።

የመጨረሻው ነጥቤ ስለ ጦርነት ነው። የምናብ ጨዋታ ያለ ፍልሚያ አይሆንም። ለፍልሚያ ደግሞ ከእኛ ልማድ መጀመሪያ የሚታሰበው ሽለላ፣ ቀረርቶና ፉከራ ነው። ደም የሚያሞቅ፣ ለዚሁ ሲባል የተበጀ ነው። ይሁን እንጂ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ላስታንና ላሊበላን አዳርሶ ነበር። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ፣ በየዶርሙ ጠረጴዛ የምትከቡ ተማሪዎች ውስጥ ያን ጊዜ በቤታቸው የነበሩ አሉ። ለአንዱ ተጫዋች ቀረርቶው የአያቱ የሠርግ ቀን ትዝታ ነው፤ አጠገቡ ለተቀመጠችው እኅቱ ደግሞ ከቤት የወጣችበት ቀን ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የትኛው እንደሆነ ከሙዚቃው ውስጥ ፈልጎ የሚያገኝ ሊቅ የለም፤ የሚታወቀው በመጠየቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታው ሳይጀመር መሪው «እንዲሰማ የማትፈልጉት ድምፅ አለ ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ላሊበሎች ከደጃፉ በፊት ጎረቤት ጠይቀው የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነውና፣ እኛም ብንጠይቅ ከልማዳችን አንወጣም። ምክንያቱን ለመናገር ያልፈለገም አይገደድ።

ከዚህ ሁሉ በተግባር የሚውል ምን ይወጣል? አንድ የጨዋታ ምሽት በምሳሌ ላሳይ። ተጓዦች ከተከዜ ሸለቆ ተነሥተው ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ አፋፍ ይወጣሉ እንበል። በመንገዱ ላይ ዋሽንት ይበቃል። የእረኛ መሣሪያ ነውና ሜዳና ገደል ይዞ ይመጣል፤ ድምፁም ከተራኪው ድምፅ በላይ ስለሚንሳፈፍ ቃሉን አይሸፍንም። ማሲንቆን ከትረካ ሥር አላኖርም፤ የዘፋኝን ድምፅ መከተል የለመደ ስለሆነ ከተራኪው ጋር ይሻማል። ለገበያው ወይም ለሠርጉ ትዕይንት፣ ተራኪው ዝም በሚልበት ቦታ፣ ጥሩ ነው። በማታ ከአንድ ጎጆ ሲያድሩ ክራር በትዝታ ማይነር ይሰማ። ባለቤቱ የደበቀው ነገር እንዳለ ሲገለጥ፣ ያው ክራር ወደ አምባሰል ማረፊያውን ያዛውር። ወደ ዋሻው ሲገቡ ሁሉም ይቁም፤ የዳይሱ ድምፅ ብቻውን ይሰማ።

ጥቂት ሕግጋትም ልጨምር። በአማርኛ እየተረካችሁ የአማርኛ ግጥም ያለው ዘፈን ከሥሩ አታሰሙ፤ ጆሮ ሁለት ቃል አይከተልም፣ የእኛ ግጥም ደግሞ ሰምና ወርቅ ይዞ ስለሚመጣ አድማጩ ወርቁን ፍለጋ ከታሪኩ ይወጣል። ትከሻ የሚያስነሣ የእስክስታ ምት ለአደን ወይም ለድብቅ ጉዞ አይሆንም። የድምፁ መጠን አንድ ሰው በሹክሹክታ ሲናገር ከሚሰማበት በላይ አይሁን። የአንድ ባለሙያን ዋሽንት ወይም ክራር ቀርጻችሁ የምትጠቀሙ ከሆነ ለምን እንደምትፈልጉት ነግራችሁ፣ ፈቃዱን አግኝታችሁ፣ ድካሙንም ከፍላችሁ ይሁን።

ከዚህ አዳራሽ ውስጥ «እንግዲያው በእኛ ጠረጴዛ የውጭ ሙዚቃ ይከልከል ማለትህ ነው?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። አላልሁም። ከልጅነቱ ጀምሮ በፊልም ኦርኬስትራ ያደገ ተማሪ ዘንዶን የሚያውቀው በዚያ ድምፅ ከሆነ፣ ለእርሱ የዘንዶ ድምፅ ያ ነው። በመመዘኛዬ መሠረት ይህም የአድማጭ ትዝታ ነው። የምቃወመው ሳይጠይቁ መምረጥን ነው። ይህ ጥያቄ ለሥነ ጽሑፍም፣ ለሙዚቃም፣ ለሥነ ልቡናም ተማሪዎች የጥናት መስክ ነው፦ በአንድ ክፍል ያሉ ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከላስታ፣ ከሐረር የመጡ ተማሪዎች አንዱን ቅኝት ሲሰሙ ምን ይታያቸዋል? የሚታያቸው ከተለያየ፣ አብረው የሚኖሩበትን የምናብ ዓለም በምን ድምፅ ይሠሩታል? ከመካከላችሁ ይህን በመጠይቅና በክራር ይዞ የሚነሣ ተማሪ ቢገኝ፣ እኔም ውጤቱን ለመስማት ከአድማጮች ወንበር ላይ እቀመጣለሁ።